የበቅሎ ጓዱ ገጽ

አባቴ ሃምሳ አለቃ ገላዬ ከሻለቃ ጦሩ በጡረታ የወጣው በዚህ መስከረም ነው። ወታደር ከሆነ ጀምሮ የበቅሎ ሰው ነበር። ስንቁን፣ ጥይቱን፣ ድንኳኑን፣ አንዳንዴም የታመመውን ሰው ማኪና በማይደርስበት ዳገት ሁሉ በበቅሎ ሲያደርስ ኖረ። ማኪናው በየቦታው መድረስ ሲጀምር የበቅሎ ጓዱ ይፍረስ ተባለ፤ እሱም ከበቅሎዎቹ ጋር አብሮ ተሰናበተ። የጡረታ ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፣ በአራተኛው ወጣ። ስለ ወረቀቱ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ሥራው ነው። የሥራውን ታሪክ በእጄ የጻፍኩት እኔ ሴት ልጁ ነኝ፤ ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነው፤ ጽሑፌም ዛሬ በሻለቃ ጦሩ መዝገብ ውስጥ ተጠርዞ ተቀምጧል። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የሻለቃ ጦሩ አዛዥ የጦሩ ታሪክ ከተቋቋመበት ቀን ጀምሮ ተጽፎ በሰንደቁ በዓል ላይ ይነበብ ብለው አዘዙ። ጽሑፉን የሚያሰባስቡት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሻምበል ባሻ ይግዛው ናቸው። ባሻ ይግዛው ቀኝ ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ በአዘዞ ሰፈር ውስጥ ግን ከእሳቸው ብዕር የሚያመልጥ ሰው የለም። አባባ የመንግሥት ንብረት ሊያስረክብ ጽሕፈት ቤት በሄደበት ቀን፣ ባሻ የተሰባሰበውን ለታይፒስቱ እያነበቡ ሲያስጽፉ ሰማ። ለእያንዳንዱ ሻምበል ሦስት አራት ገጽ ነበረው። ለወጥ ቤቱ እንኳን ግማሽ ገጽ ነበረው። የበቅሎ ጓዱ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው፦ «የበቅሎ ጓዱ ስንቅ ያመላልስ ነበር። ሸጊቱ የምትባል ደንባራ በቅሎ የመገናኛ ራዲዮ እንደጫነች ገደል ገብታለች።»

አባባ ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳን ሳያወልቅ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት መስመር» አለ።

«የምን ሁለት መስመር?» አለች እማማ፤ የእሱን የግራ እግር ካልሲ እየጠቀመች ነበር። የአባባ የግራ ካልሲ ሁልጊዜ ተረከዙ ላይ ይበሳል፤ የቀኙ ደህና ነው። እማማ በዚህ ነገር ስትገረም ነው የኖረችው።

«ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሁለት መስመር።»

«ታዲያ ምነው አንተው አትነግራቸው? ለኔ የማታወራውን ሁሉ ለበቅሎ ስታወራ አይደል የኖርከው?»

«ነገርኳቸው። ‹በአፍ የመጣ ታሪክ እኔ ዘንድ ቦታ የለውም፣ በጽሑፍ አምጣ› አሉኝ። እስከ ቅዳሜ። ቅዳሜ ለጠራዡ ይሰጣል።»

ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። አባባ ማንበብ ይችላል፣ መጻፍ ግን ከስሙ አያልፍም። በማግስቱ ጎንደር ወጥቶ ከፒያሳ አንድ ባለ መስመር ደብተርና አንድ ብዕር ገዝቶልኝ መጣ። ብዕሩ ሰማያዊ ነው፣ ክዳኑ ላይ ወርቅማ ቀለበት አለው። ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ብዕር ያለው አስተማሪያችን ብቻ ነው።

ሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ግቢያችን ውስጥ ባለው ወይራ ሥር ተቀመጥን። መጀመሪያ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል፤ «ጀግኖቹ በቅሎዎች በማይበገር መንፈስ የአገራቸውን ተራሮች ረገጡ» የሚል ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«ምነው እንዲህ አከበድሽው?» አለ አባባ። «በቅሎ መንፈስ የላትም። የምትፈልገው ገብስና ደረቅ ድብዳብ ነው። እሱን ጻፊ።»

ሰረዝኩት። ከዚያ በኋላ እሱ እንደሚናገረው ጻፍኩ፤ መጻፍ የቻልኩትም ያን ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ።

አባባ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ ነው። ወታደር ሊሆን ሲመጣ አንዱ አለቃ «በቅሎ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀው። እሱ የሚጋልባት በቅሎ ሊሰጡት መስሎት «አሳምሬ» አለ። በዚያው ቀን ወደ ጭልጋ፣ ወደ ጭነት በቅሎ ጓድ ላኩት። እስከ ጡረታው ድረስ አንድም ቀን በበቅሎ ተቀምጦ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላቸው በእግሩ ነው የሄደው። ይህን ሲነግረኝ ራሱ ሳቀ።

ጭልጋ ላይ የጓዱ አለቃ አያ ውብነህ ነበሩ። በሹመታቸው የሚጠራቸው የለም፣ መኮንኖቹ እንኳን አያ ውብነህ ይሏቸው ነበር። አጭር፣ ዝምተኛ፣ እጃቸው ትልልቅ ሰው ነበሩ አለኝ። የበቅሎ ሥራ የሚባለውን ሁሉ አባባ የተማረው ከእሳቸው ነው። እኔም የጻፍኩት በብዛት የእሳቸውን ልማድ ነው።

አያ ውብነህ ጭነት በሚዛን አይመዝኑም። አንድ ወፍራም ዱላ በትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለቱን ጭነት በዱላው ግራና ቀኝ አንጠልጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አሥር እርምጃ ይሄዳሉ። «የግራው ተኛ» ካሉ ከግራው ይቀነሳል። ሚዛን ላይ እኩል የሆነ ጭነት መንገድ ላይ እኩል አይሆንም፤ ዱቄት ቁጭ ይላል፣ ዘይት ይዋኛል፣ ድንኳን ዝናብ ጠጥቶ ይከብዳል። ጉዞ ላይ ደግሞ ከሰልፉ ኋላ ሆነው በጆሯቸው ይሰማሉ። ደህና የታሰረ ጭነት በሁለት በኩል እኩል ይንቋቋል፤ በአንድ በኩል ብቻ ከተንቋቋ የሆዷ ጠፍር ላልቷል ማለት ነው። «ሦስተኛዋን አቁሙ» ይላሉ ከሩቅ፣ ሳያዩ። ሲታይ ሦስተኛዋ ትሆናለች።

ከሁሉ የበለጠው ልማዳቸው ግን ይህ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው ድብዳብ ከተደላደለ በኋላ፣ ኮርቻው ሳይጠብቅ፣ ባዶ እጃቸውን ከድብዳቡ ሥር አስገብተው በቅሎዋን ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ድረስ ይዳብሳሉ። የገለባ ስንጥር፣ ጠጠር፣ የደረቀ ጭቃ ከዚያ ውስጥ ካለ ጭነት ሲያርፍበት ጀርባዋን ይልጠዋል። ጀርባዋ የተላጠ ገጣባ በቅሎ ደግሞ ሁለት ወር ከሥራ ውጪ ናት። እሳቸው ሲዳብሱ ጠጠር ካገኙ አይቆጡም፣ አይማቱም። ጠጠሩን አውጥተው በቅሎዋን ለጫነው ወታደር ይሰጡታል።

«ጫማህ ውስጥ አግባው» ይላሉ።

«እስከ መቼ አያ?»

«እሷን እስከምታራግፍ።»

ወታደሩ ቀኑን ሙሉ ጠጠሩን ረግጦ ይሄዳል። ጓደኞቹም «እንዴት ነህ፣ ገጣባው?» እያሉ ይቀልዱበታል። አባባ በጭልጋ የመጀመሪያ ወሩ አራት ጊዜ ጠጠር ጫማው ገብቷል። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አልገባም አለኝ፤ እንዲህ ሲለኝ ግን ወደ ወይራው ቀና ብሎ አየ። እኔ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፣ እየጻፍኩ ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ ስለ አለቆች ጻፍን። አንድ አዛዥ ነበሩ፣ «እኔ ወታደር አዛለሁ እንጂ ሲራራ ነጋዴ አላዝም» እያሉ በበቅሎዎቹ በኩል የማያልፉ። የዚያን ዓመት ክረምት ጎርፍ ከጭልጋ በታች ያለውን ድልድይ ወሰደው፤ ማኪናዎቹ ወዲህ ማዶ ቀሩ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ሻምበል ደግሞ ዱቄቱን ጨረሰ። አያ ውብነህና አባባ አሥራ ሁለት በቅሎ ይዘው ወንዙን በላይ በኩል ተሻገሩ። ውኃው የበቅሎዎቹን ሆድ ይነካ ስለነበር ጭነቱን ከፍ አድርገው አሰሩት፤ ከፍ ያለ ጭነት ደግሞ ይገለብጣል፣ ስለዚህ በእያንዳንዷ በቅሎ ግራና ቀኝ ሰው ቆሞ በትከሻው እየደገፈ ተሻገረ። ድልድዩ እስኪሠራ ድረስ በዚያ መንገድ ተመላለሱ። አንድ ጆንያ ዱቄት አልረጠበም። ከዚያ ወዲህ እኒያ አዛዥ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰልፍ ሲያዩ መጀመሪያ የሚያዩት በቅሎዎቹን ሆነ።

«አንድ ጆንያ አልረጠበም» የሚለውን አባባ ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። እውነቱን ነው። እኔም ስጽፈው ልቤ ሞልቶ ነበር።

ሐሙስ ስለ ስሜን ደረስን። ጓዱ ከጭልጋ ወደ ደባርቅ ተዛውሮ፣ ከደባርቅ በላይ በስሜን ተራራ ላይ ላለው የጥበቃ ኬላ ስንቅ ያወጣ ነበር። ብርዱን፣ ጉሙን፣ በቅሎዎቹ ጆሮ ላይ የሚቀመጠውን አመዳይ ሁሉ ነገረኝ። ከዚያ ዘለለና ስለ አዘዞ ማውራት ጀመረ።

«ስለ ሸጊቱስ?» አልኩት። መዝገቡ ውስጥ ስሟ ያለው በቅሎ እሷ ብቻ ናት።

«ያ ተጽፏል። ይበቃል።»

«እነሱ በጻፉት? ደንባራ ነበረች?»

«ጥሩዬ፣ አዘዞ ብዬሻለሁ፤ አዘዞን ጻፊ።»

አባባ ተቆጥቶኝ አያውቅም ማለት ይቻላል። አዘዞን ጻፍኩ።

ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ ስል ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያደርግ አየሁት። ካልሲውን አደረገ፣ ከደረት ኪሱ አንዲት ነገር አወጣ፣ በግራ ጫማው ውስጥ ጣለ፣ ከዚያ እግሩን አስገባ። ይህን ሲያደርግ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ። «የቆየ ልማድ ነው» ይለናል፣ እኛም እንደ ሌላው ሰው ክታብ ቆጥረነው ትተነዋል። አባባ በግራ እግሩ ትንሽ እንደሚያነክስም አገር ያውቃል፤ የመንገድ ብዛት ነው እንል ነበር። ሰኞ በእጄ የጻፍኩት ግን ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። እዚያው ቆምኩ።

«አባባ» አልኩት፣ «ጠጠሩ ከየትኛዋ በቅሎ ድብዳብ የወጣ ነው?»

ማሰሪያውን እያሰረ ነበር። እጁ ቆመ። «ዛሬ ትምህርት ቤት አትሂጂ» አለኝ። «ደብተሩን አምጪ።»

ያስጻፈኝ ይህን ነው። አያ ውብነህ ታመው ጎንደር ቀርተው፣ አባባ ለመጀመሪያ ጊዜ ጓዱን ብቻውን መርቶ ከደባርቅ የሚወጣበት ቀን ነበር። ለኬላው አዲስ የመገናኛ ራዲዮ ይወጣል። ክረምቱ ሳይገባ እንዲደርስ ተብሎ ጥድፊያ ነው፤ ማኪናው አርፍዶ መጣ፣ አንድ ወጣት መኮንን «ቶሎ በሉ» እያለ ይጮኻል። ራዲዮውን ለሸጊቱ ሰጣት፤ ከሁሉ ልባም እሷ ነበረችና። ራሱ ጫናት። ሌሎቹ የጫኗቸውን አምስቱን በቅሎዎች እጁን ከድብዳባቸው ሥር እያስገባ ዳበሰ። ሸጊቱን ግን አልዳበሳትም።

«ምነው?» አልኩት።

«እኔ ነኛ የጫንኳት። ራሴን ምን ብዬ ልፈትሽ?»

ከገደሉ አፋፍ ሳይደርሱ ሸጊቱ ጎኗን ማወዛወዝ ጀመረች። ጭነቱ በአንድ በኩል ሲንቋቋ ሰማ። መንገዱ ጠባብ ነበር፣ ሜዳው ላይ ስንደርስ አስተካክለዋለሁ ብሎ አሰበ። ሜዳው ላይ አልደረሱም። አንዴ ጀርባዋን ነጠቀች፣ የኋላ እግሯ ከመንገዱ ወጣ፣ ራዲዮውን እንደያዘች ሄደች። ድምፅ እንኳን አላሰማችም አለኝ። በገመድ ወርዶ ሲያያት ሞታለች። ድብዳቡ ተገልብጦ ነበር፤ ጀርባዋ ላይ፣ ሥጋዋ ውስጥ ገብታ፣ ሽንብራ የምታክል ጠጠር አገኘ። አውጥቶ ኪሱ ጨመራት።

መኮንኑ ከላይ ሆኖ «ምን ሆነች?» ሲለው «ደነበረች» አለ። እንደዚያው ተጻፈ። አያ ውብነህ ተሽሏቸው ሲመለሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እጅህን አስገብተህ ነበር?» «አዎ አያ» አላቸው። ዓይን ዓይኑን አዩትና ወደ በቅሎዎቹ ሄዱ። በጡረታ ወጥተው ወገራ አገራቸው ገቡ፣ አምና አረፉ። አባባ «አዎ አያ» ባለበት ቀን ጠጠሯን ራሱ ጫማው ውስጥ አገባት። እንዲያራግፍ የሚነግረው ሰው አልነበረምና ይኸው ስምንት ዓመት ሆነ።

«ያ ብቻ ቢሆን» አለ። «ሌላ ራዲዮ እስከ መስከረም አልመጣም። በሐምሌ ኬላው ላይ ያለ አንድ ወታደር ከረጠበ አለት ላይ ተንሸራቶ ጉልበቱ ተሰበረ። በራዲዮ ሐኪም እንዳይጠሩ ራዲዮ የለም። በቃሬዛ ሦስት ቀን ተሸክመውት ደባርቅ ገቡ። አጥንቱ በዚያው ጠምሞ ያዘ። ከሻለቃ ጦሩ ማንም በሩጫ የማይደርስበት ሰው ነበር። መሮጥ ሲያቅተው ብዕር ሰጡት።»

ብዕሬን አቆምኩ። «ባሻ ይግዛው?»

«እሳቸው።»

እማማ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። «ገላዬ፣ ገጹን ቀድደው ነው የሚጥሉት» አለች ቀስ ብላ። «የጓዱ ልጆች የለፉበት ሁሉ በአንተ ምክንያት ይቀራል። ጭልጋም፣ ድልድዩም።»

«እሱን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስቸኩልሃል? ስምንት ዓመት ያላልከውን።»

«እሷ ደንባራ አልነበረችም» አለ አባባ። «መዝገቡ ሲታሰር እንዲያ ተብሎ ሊታሰር ነው። የሚናገርላት ሌላ ሰው የለም። ጻፊው ጥሩዬ፣ እንዳለ።»

እንዳለ ጻፍኩት። ፊደሎቼ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ዛሬም ቢታይ ያስታውቃል።

ቅዳሜ አብረን ጽሕፈት ቤት ሄድን። ባሻ ይግዛው ደብተሩን ተቀብለው «ይቺ ናት ጸሐፊህ?» አሉ። «አዎ ባሻ።» መነጽራቸውን አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። የጠጠሩ ልማድ ጋ ፈገግ አሉ። ከዚያ ስሜን ደረሱ፤ ፈገግታው ጠፋ። አንብበው ሲጨርሱ መልሰው ከላይ ጀመሩ። አባባ እንደ ምልምል ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፤ እኔ ወለሉን አያለሁ።

«ይህን ያስጻፍከው አንተ ነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«የማነበው እኔ እንደሆንኩ እያወቅህ?»

«እያወቅሁ ነው ባሻ። ጉልበትዎ በኔ ነው የሄደው። ቀድሞ ልነግርዎት ሲገባ ፈራሁ።»

ባሻ መነጽራቸውን አወለቁ። ምርኩዛቸውን ወሰዱና በጫፉ የአባባን የግራ ጫማ ነካ አደረጉት።

«ስምንት ዓመት በዚህ መስኮት ሥር እያነከስክ ታልፋለህ። በእኔ የምታሾፍ መስሎኝ ነበር፤ ታውቃለህ? ‹ይህ በቅሎ ጫኝ አካሄዴን ይቀዳል› እያልኩ ስንት ቀን ምሳ አልበላም ብያለሁ። ሁለት መስመር የሰጠሁህ በምን ይመስልሃል?»

አባባ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅ አመለጠኝ። ባሻም አዩኝና ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ግን ፊታቸው ተመልሶ ከበደ።

«ጉልበቴ አይመለስም» አሉ። «እንዲህ በዋዛ ደህና ነው አልልህም፤ ደህና አይደለም። ብርድ ሲሆን እንቅልፍ የለኝም።» ምርኩዛቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙ። «ግን አያ ውብነህ ጠጠሩን እስከ መቼ ነበር የሚያስረግጡት?»

«በቅሎዋን እስክናራግፍ።»

«አራግፈሃል። አውጣው።»

አባባ እዚያው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። ጠጠሯ ተልጋ ተልጋ እንደ ዶቃ ለስልሳለች። ባሻ ተቀብለው በመዳፋቸው አገላበጧት፣ ከዚያ የጻፍኩት ደብተር ላይ፣ ንፋስ እንዳይወስደው እንደሚደረግ፣ አስቀመጧት። ቀዩን ቀለም አንስተው የራሳቸውን ሁለት መስመር ሰረዙ። የእኔን ለታይፒስቱ ሰጡት። አንድ ቃል ብቻ አርመውብኛል፤ «አመዳይ» የሚለውን በሁለት ‹መ› ጽፌው ኖሯል።

የሰንደቁ በዓል ዕለት ገጻችን ተነበበ። አንባቢው መኮንን ድምፀ ጎርናና ነበር፣ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ፤ የእኔ ዓረፍተ ነገሮች በዚያ ሁሉ ሰው ላይ ሲያልፉ። «አንድ ጆንያ አልረጠበም» ሲባል ሽማግሌዎቹ በቅሎ ጫኞች አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ከዚያ ስለ ስሜን ተነበበ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር «ሸጊቱ ልባም በቅሎ ነበረች፤ ጥፋቱ የጫንኳት የእኔ የሃምሳ አለቃ ገላዬ ነው» የሚል ነው። እማማ እጄን ጨበጠችኝ፣ አመመኝ፣ አላስለቀቅኳትም።

ከዚያ የበቅሎ ጓዱ ለመጨረሻ ጊዜ በሰንደቁ ፊት አለፈ። አዛዡ ፈቅደው አባባ ከፊት መራ። ከመነሳቱ በፊት ከእያንዳንዷ በቅሎ ድብዳብ ሥር እጁን አስገብቶ ዳበሰ፣ ጭነት ሳይኖራቸው። ሲራመድ ግን የግራ እግሩን እንደ ወትሮው ይጎትት ነበር፤ ስምንት ዓመት የለመደ እግር ነው።

ባሻ ይግዛው ከሰልፉ ዳር በምርኩዛቸው ቆመው ነበር። አባባ በፊታቸው ሲያልፍ፣ እኛም በሰማንበት ድምፅ፣

«ሃምሳ አለቃ» አሉት፣ «ወጥቷል እኮ።»

አባባ አንድ እርምጃ ተሳሳተ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ሄደ።